ከመጀመሪያው ደመወዝ እስከ ጡረታ፦ የመንግሥት ሠራተኛው ቁጠባና ኢንቨስትመንት በየዕድሜ ደረጃው

በአዲስ አበባ ከተማ ደቡባዊ ጫፍ የምትገኘው አቃቂ ስሟ ከፋብሪካ ጋር ተያይዞ የሚነሳ የሠራተኛ መንደር ሆና ቆይታለች። ዛሬ ደግሞ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ፣ በገላንና በኮየ ፈጬ የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢውን ከፋብሪካ ሠራተኛው በተጨማሪ የበርካታ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች መኖሪያ አድርገውታል። ማለዳ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚያመራው ይህ ሠራተኛ በየወሩ መጨረሻ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው። ከደመወዙ ተቆራርጦ የሚቀረውን ገንዘብ ከወር ወር ከማድረስ አልፎ ለነገ የሚሆን ጥሪት እንዴት ሊያጠራቅምበት ይችላል የሚለው ነው።

ጥያቄው ለ22 ዓመቱ ወጣትና ለ57 ዓመቱ አንጋፋ ሠራተኛ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። በሌላው ዓለም ቆጣቢዎች ይህንን ልዩነት የሚያስተናግዱበት የተለመደ ዘዴ ያላቸው ሲሆን፣ በአገራችንም የካፒታል ገበያ ሥራ መጀመሩን ተከትሎ ጉዳዩ ለደመወዝተኛው ቅርብ እየሆነ መጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የመንግሥት ሠራተኛው በእጁ ያሉትን አማራጮች፣ እያንዳንዱ አማራጭ የሚስማማውን የዕድሜ ደረጃና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

ከደመወዝ ምን ይቀራል?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ባለሙያ የወር ደመወዝ ከ6 ሺህ 940 ብር ወደ 11 ሺህ 500 ብር ከፍ ብሏል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2 ሺህ ብር አሳድጓል።

በዚህ ስሌት 11 ሺህ 500 ብር የሚከፈለው ጀማሪ ሠራተኛ 2 ሺህ 100 ብር የገቢ ግብርና የደመወዙን 7 በመቶ ማለትም 805 ብር የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። በእጁ የሚገባው 8 ሺህ 595 ብር ይሆናል። መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ የደመወዙን 11 በመቶ ማለትም 1 ሺህ 265 ብር ለጡረታ ፈንድ ገቢ ያደርግለታል። ስለዚህ ሠራተኛው ገና አንድ ብር ሳይቆጥብ በስሙ በየወሩ 2 ሺህ 70 ብር ለጡረታ ይቀመጣል ማለት ነው። ብዙዎች ቁጠባ የላቸውም ተብለው ቢቆጠሩም፣ ይህ መዋጮ የመንግሥት ሠራተኛው የመጀመሪያውና ትልቁ ሀብት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጡረታው ምን ያህል ይሸፍናል?

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ ተደራጅቶ የቆመው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት እየተሠራበት ያለው በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ በአበልነት ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ለሚሆነው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ደግሞ ለሲቪል ሠራተኛ 1 ነጥብ 25 በመቶ ይታከላል። ጠቅላላ አበሉ ከአማካይ ደመወዙ 70 በመቶ አይበልጥም።

በዚህ መሠረት 20 ዓመት ያገለገለ 42 ነጥብ 5 በመቶ፣ 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ የሚያገኝ ሲሆን፣ ጣሪያ የሆነው 70 በመቶ ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል። ይህም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ እስከ 60 ዓመቱ ለሠራ ብቻ የሚደረስበት ነው። ሠራተኛው ቢሞት ሚስቱ ወይም ባሏ የአበሉን 50 በመቶ የማግኘት መብት አላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ጉዳይ አለ። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻው ወር ደመወዝ ሳይሆን በሦስት ዓመት አማካይ ነው። ለስሌት እንዲመች የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በማሻሻያው ከ12 ሺህ ብር ወደ 20 ሺህ ብር ከፍ አለ እንበል። ሠራተኛው 30 ዓመት አገልግሎ በመስከረም 2019 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጣ ከ36ቱ ወራት 24ቱ በቀድሞው፣ 12ቱ ብቻ በአዲሱ ደመወዝ ይሰላሉ። አማካዩ 14 ሺህ 667 ብር ገደማ፣ አበሉም 8 ሺህ 67 ብር ገደማ ይሆናል። ይህም ከመጨረሻ ደመወዙ 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት ያለው ሌላ ሠራተኛ በመስከረም 2021 ዓ.ም. ቢወጣ ግን ሦስቱም ዓመታት በአዲሱ ደመወዝ ስለሚሰሉ አበሉ 11 ሺህ ብር ይሆናል። ስለሆነም ጡረታ የተቃረበ ሠራተኛ የሚጎድለውን በግል ቁጠባ ለመሙላት ይህንን ስሌት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የዋጋ ንረትና የባንክ ወለድ

የቁጠባ ገንዘብ ትልቁ ባላንጣ የዋጋ ንረት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ የወለድ መጠን ከ5 ወደ 7 በመቶ እንዲያድግ መወሰኑ ይታወሳል። ይሁንና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የዋጋ ንረቱ ከዚህ ወለድ በእጅጉ የበለጠባቸው ጊዜያት የነበሩ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም የብር የመግዛት አቅም በውጭ ምንዛሬ ሲለካ በእጅጉ ቀንሷል።

ውጤቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢቀመጥ ግብር ከመቀነሱ በፊት 140 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። በእነዚሁ ዓመታት ዋጋ በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር በመጀመሪያ 100 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 201 ሺህ ብር ይጠይቃል። የተጠራቀመው 140 ሺህ ብር የሚገዛው እንግዲህ በመጀመሪያው ዋጋ 70 ሺህ ብር ያህሉን ብቻ ነው። በሒሳብ ደብተሩ ላይ ገንዘቡ ቢያድግም ባለቤቱ ግን ከሦስት እጅ አንዱን ያህል አጥቷል።

ይህ ሲባል ግን የባንክ ቁጠባ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ገንዘብ በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ በሚችልበት ቦታ መቀመጥ አለበት። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ሽፋን የሚሰጥ መሆኑ ለአነስተኛ ቆጣቢው ዋስትና ነው። ችግሩ የሚመጣው ለ20 እና ለ30 ዓመት የሚቀመጠው ገንዘብም በዚያው ደብተር ውስጥ ሲቀር ነው።

በሌላው ዓለም የተለመደው አሠራር

በበርካታ አገሮች ደመወዝተኞች ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡትን ገንዘብ በምህጻሩ ኢ.ቲ.ኤፍ. ተብሎ በሚታወቀው፣ በአክሲዮን ገበያ በሚሸጥና በሚገዛ የጋራ ፈንድ ላይ ያውላሉ። ፈንዱ ከብዙ ሰዎች የተሰበሰበን ገንዘብ ይዞ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ወይም የመንግሥት ቦንድ ይገዛል። አንድ ድርሻ የገዛ ሰው በተዘዋዋሪ የሁሉም ኩባንያዎች ጥቂት ጥቂት ባለድርሻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበውና ዛሬም በስፋት የሚገበያየው ፈንድ 500 ትላልቅ ኩባንያዎችን በአንድ ድርሻ ያቀፈ ነው። በአፍሪካም በጆሃንስበርግ ገበያ 40 ትላልቅ ኩባንያዎችን የያዘ ተመሳሳይ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2000 መሸጥ ጀምሯል።

የእነዚህ ፈንዶች ጥቅም በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው አንድ ኩባንያ ቢከስር የቆጣቢው ጠቅላላ ሀብት አብሮ አለመውደቁ ነው። ሁለተኛው ፈንዱ አሸናፊ የሚሆነውን ኩባንያ ለመምረጥ ስለማይደክም የአስተዳደር ወጪው ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቆጣቢው በዕድሜው ልክ ስብጥሩን በቀላሉ መቀያየር መቻሉ ነው። ወጣት ሳለ የአክሲዮኑን ድርሻ ያበዛል። ዕድሜው ሲገፋ ዋጋቸው ብዙ ወደማይዋዥቀው የመንግሥት ቦንድና ጥሬ ገንዘብ ያዘነብላል። ምክንያቱም ወጣቱ ገበያው ቢወድቅ እስኪያገግም የሚጠብቅበት ጊዜ ሲኖረው፣ ጡረታ የተቃረበው ግን ያ ጊዜ የለውም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ እነዚህን የውጭ ፈንዶች ከአቃቂ ሆኖ መግዛት አይችልም። የውጭ ምንዛሬን ከብሔራዊ ባንክ ሕግ ውጭ ወደ ሌላ አገር መላክ የተከለከለ በመሆኑ፣ በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች "በዶላር እናስገዛላችሁ" የሚሉ ግለሰቦች ጥሪ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ይሁን እንጂ ከፈንዱ በስተጀርባ ያሉትን መርሆች፣ ማለትም ገንዘብን በተለያየ ቦታ ማሰራጨትን፣ ወጪን መቀነስንና ስብጥሩን ከዕድሜ ጋር ማስተካከልን በአገር ውስጥ አማራጮች ተግባራዊ ማድረግ ይቻላል።

በአገራችን ያሉ አማራጮች

የመጀመሪያው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 985 የሚተዳደሩ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤት ደረጃ የተቋቋሙት ማኅበራት ቁጠባውን በቀጥታ ከደመወዝ ይቆርጣሉ። ይህም ገንዘቡ በእጅ ገብቶ ከመበተኑ በፊት እንዲቀመጥ ያደርጋል። አባሉ ከቁጠባው ወለድ፣ ከዕጣው ደግሞ የትርፍ ድርሻ የሚያገኝ ሲሆን ሲቸገር ወይም ቤት ሲያድስ ብድር ይወስዳል። የማኅበሩ ጥንካሬ የሚለካው ግን በአመራሩ በመሆኑ አባላት ዓመታዊ የኦዲት ሪፖርቱን መጠየቅና በጠቅላላ ጉባኤ መገኘት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ዕቁብ ወለድ የሌለው፣ ዲሲፕሊን የሚያስተምርና በአንድ ጊዜ ጠርቀም ያለ ገንዘብ የሚያስገኝ ነባር ባህል ነው። ጽዋው ቶሎ ለደረሰው ብድር፣ ዘግይቶ ለደረሰው ቁጠባ እንደሆነ ሊታሰብ ይችላል። የዋጋ ንረት ባለበት ወቅት መጨረሻ የወጣለት ሰው የሚቀበለው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ የቀነሰ በመሆኑ፣ ዕቁብን ለአጭር ጊዜ ዓላማ ማዋል እንጂ የጡረታ ጥሪት ማጠራቀሚያ ማድረግ አይመከርም።

ሦስተኛው የመንግሥት የብድር ሰነድ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ በጨረታ የሚሸጥ ሲሆን፣ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀናት የመክፈያ ጊዜ አለው። የመንግሥት ሠራተኛው ለቦንድም እንግዳ አይደለም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሠራተኞች የወር ደመወዛቸውን በየወሩ በማስቆረጥ ቦንድ መግዛታቸው ይታወቃል። ግድቡ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያን ወቅት የገዙትን የቦንድ ሰነድ በመሳቢያ ውስጥ የረሱ ሠራተኞች ካሉ የመክፈያ ጊዜውን መመልከት ይጠቅማቸዋል። በጎረቤት ኬንያም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 በ3 ሺህ ሽልንግ መነሻ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚገዛ ቦንድ ለአነስተኛ ቆጣቢዎች አቅርቦ ነበር።

አራተኛው አክሲዮን ነው። አቃቂ ለአክሲዮን ማኅበር ታሪክ ሩቅ አይደለችም። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀደም ሲል ኢንዶ-ኢትዮጵያ በሚባል አክሲዮን ማኅበር ሥር የነበረ ሲሆን፣ በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ በርካታ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሲወርስ ወደ መንግሥት ከተዛወሩት አንዱ ነው። በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይትም በዚያው ዘመን ቆመ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጥቶ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተቋቋመ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። በገበያው በመመዝገብ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኗል።

ከዚህ ቀደም ብሎ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዥ 33 አክሲዮን ማለትም 9 ሺህ 900 ብር፣ ከፍተኛው 3 ሺህ 333 አክሲዮን ነበር። ሽያጩ በቴሌብር የተካሄደ በመሆኑ ገዥው ቢሮ ለቢሮ መንከራተት አላስፈለገውም። ዝቅተኛውን መጠን ለመግዛት ለ12 ወራት በየወሩ 825 ብር ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። ይህም ከላይ ከተመለከትነው የጀማሪ ባለሙያ የጡረታ መዋጮ ጋር የተቀራረበ ነው። ሽያጩ የተጠናቀቀ ቢሆንም፣ አክሲዮን የባለሀብት ብቻ አለመሆኑን በተግባር አሳይቷል።

አምስተኛው መኖሪያ ቤት ነው። በአቃቂ አካባቢ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ብዙዎች ቤቱን ያገኙት በ20/80 መርሐ ግብር ሃያ በመቶውን ቆጥበው ቀሪውን በባንክ ብድር በመሸፈን ነው። ቤት የኪራይ ወጪን የሚያስቀርና ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ የሚያድግ ሀብት መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁንና በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ዕጣ ለረጅም ዓመታት የጠበቁ ነዋሪዎች ሁኔታ እንደሚያሳየው፣ ሙሉ ተስፋን በአንድ ዕጣ ላይ ጥሎ ሌላ ቁጠባ አለመጀመር ጉዳት አለው።

በየዕድሜ ደረጃው የሚስማማ ስብጥር

ከዚህ በታች የተመለከቱት መጠኖች እንደየቤተሰቡ ሁኔታ ሊሻሻሉ የሚችሉ ማሳያዎች እንጂ የማይለወጡ ደንቦች አይደሉም።

የመጀመሪያው ደረጃ ከቅጥር እስከ 35 ዓመት ገደማ ያለው ነው። በዚህ ዕድሜ ሠራተኛው ገንዘብ ባይኖረውም ጊዜ አለው። በቅድሚያ ሊሠራው የሚገባው የሦስት ወር የቤት ወጪን የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ቁጠባ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሳይሟላ አክሲዮን የገዛ ሰው ድንገት ሲታመም ወይም ወላጁን ሲያስታምም አክሲዮኑን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። መጠባበቂያው ከሞላ በኋላ የደመወዙን አስር በመቶ የሚቆጥብ፣ ማለትም ከ11 ሺህ 500 ብሩ 1 ሺህ 150 ብር የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ግማሹን በቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ግማሹን ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚገዛ አክሲዮን ሊመድበው ይችላል። መጠኑ ትንሽ መስሎ ቢታይም "ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው አባባል ከሁሉ በላይ የሚሠራው ለዚህ ዕድሜ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከ35 እስከ 50 ዓመት ያለው ነው። የልጆች ትምህርት፣ የቤት ብድርና የወላጆች ጡሮታ በአንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜ በመሆኑ ብዙ ሠራተኞች ቁጠባ የሚያቋርጡት በዚህ ወቅት ነው። መጠባበቂያው ወደ ስድስት ወር ወጪ ማደግ ይኖርበታል። ቀሪው ቁጠባ ለሦስት ተከፍሎ አንዱ እጅ ለቤት ብድር መክፈያ፣ አንዱ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ አንዱ ለአክሲዮን ሊውል ይችላል። የደመወዝ ጭማሪ ሲገኝ ወጪን በዚያው ልክ ከማሳደግ ይልቅ የጭማሪውን ሲሶ ወዲያውኑ ወደ ቁጠባ ማስቆረጥ ሳይቸገሩ የመቆጠቢያ መንገድ ነው። ገንዘቡ ገና ስላልተለመደ መቀነሱ አይታወቅምና።

ሦስተኛው ደረጃ ከ50 ዓመት እስከ ጡረታ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ተግባር ያለውን መጠበቅ ነው። አዲስ አክሲዮን መግዛት እየቀነሰ ሄዶ በምትኩ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ የባንክ ገንዘብና የግምጃ ቤት ሰነድ ድርሻ ሊጨምር ይገባል። የቤት ብድር ከ60 ዓመት በፊት ተከፍሎ እንዲያልቅ ማድረግ ከማንኛውም ኢንቨስትመንት ይቀድማል። በዚህ ዕድሜ የልጅ ሰርግ ለመደገስ ወይም ለዘመድ ንግድ መነሻ እንዲሆን ጥሪትን ሙሉ በሙሉ ማውጣት በኋላ ሊተካ የማይችል ጉዳት ያስከትላል። ሠራተኛው የግል ማኅደሩን በማስመርመር የቅጥር ዘመኑ፣ የትውልድ ዘመኑና የአገልግሎት ማስረጃዎቹ በትክክል መመዝገባቸውን ማረጋገጥ ያለበትም አሁን ነው። የጎደለ የሁለት ዓመት አገልግሎት ከአበሉ ላይ በዕድሜ ልክ 2 ነጥብ 5 በመቶ ይቀንሳል።

አራተኛው ደረጃ ከጡረታ በኋላ ያለው ነው። የጡረታ አበል በመንግሥት ውሳኔ በየጊዜው የሚሻሻል እንጂ ከዋጋ ንረት ጋር በየወሩ አብሮ የሚያድግ ባለመሆኑ፣ ጡረተኛው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ወጪውን በቀላሉ በሚወጣ ቁጠባ፣ ቀጣዮቹን ሁለትና ሦስት ዓመታት በጊዜ ገደብ በሚቀመጥ ገንዘብና በግምጃ ቤት ሰነድ፣ የቀረውን ደግሞ የትርፍ ድርሻ በሚከፍሉ አክሲዮኖች ቢይዝ ገንዘቡ ቶሎ ከማለቅ ይድናል። ወራሾቹ እንዳይቸገሩም የሒሳብ ደብተሮች፣ የአክሲዮንና የቦንድ ሰነዶች ዝርዝር በአንድ ቦታ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ለምን የውጭውን ቀመር እንዳለ አንወስድም?

በውጭ አገር ከመቶ ላይ ዕድሜን ቀንሶ የሚቀረውን ያህል በመቶ በአክሲዮን መያዝ የሚል የቆየ ቀመር አለ። በዚህ ስሌት የ30 ዓመት ሰው ሰባ በመቶ አክሲዮን ይይዛል። ቀመሩ ለእኛ ሁኔታ እንዳለ የማይሠራባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ ገበያው ገና ጀማሪ በመሆኑ አክሲዮን በሚፈለግበት ቀን ገዥ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ መግባት የለበትም። ሁለተኛ፣ በስፋት ለሕዝብ የተሸጡት አክሲዮኖች በአብዛኛው የባንክና የኢንሹራንስ ናቸው። የአምስት ባንኮችን አክሲዮን የያዘ ሰው ገንዘቡን ያሰራጨ ቢመስለውም፣ ባንኮቹን ሁሉ የሚነካ ለውጥ ሲመጣ በአንድነት ይነካል። እውነተኛ ስብጥር የሚገኘው የሥራ ዘርፉም ሲለያይ ነው። ሦስተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙም ጡረታውም ከመንግሥት የሚመነጭ ነው። ጡረታው ራሱ በየወሩ ወለድ እንደሚከፍል ቦንድ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ወጣቱ ሠራተኛ የግል ቁጠባውን በሙሉ በመንግሥት ሰነድ ላይ ማዋል አያስፈልገውም። ከዚያ ይልቅ ከዋጋ ንረት ጋር ሊያድግ የሚችል ሀብት ላይ የተወሰነ ድርሻ ቢኖረው ይመረጣል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

አክሲዮን የሚገዛ ሠራተኛ ሻጩ ኩባንያ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተመዘገበ የደንበኛ መግለጫ ማቅረቡን፣ አገናኙም ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በመግለጫው ውስጥ በቅድሚያ መነበብ ያለባቸው ኩባንያው ያለበት ዕዳ፣ ባለፉት ዓመታት የከፈለው የትርፍ ድርሻና ሥጋቶች በሚል ርዕስ የተዘረዘሩት ነጥቦች ናቸው። በወር አስር ወይም ሃያ በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ የሚል፣ ሌሎች ሰዎችን አስመዝግቡ የሚልና ዛሬውኑ ካልገባችሁ ዕድሉ ያመልጣል የሚል ጥሪ የኢንቨስትመንት ሳይሆን የማጭበርበር ምልክት ነው።

በሃይማኖታዊ ምክንያት ወለድ የማይወስዱ ሠራተኞች ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በብዙ ባንኮች የሚያገኙ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ በዚሁ መርህ የሚሠሩ ባንኮችም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። አክሲዮንም የትርፍና ኪሣራ ተጋሪነት በመሆኑ የኩባንያው የሥራ ዘርፍ ታይቶ ሊታሰብ የሚችል አማራጭ ነው።

የካፒታል ገበያ አዋጁ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዶች ሊቋቋሙ የሚችሉበትን መሠረት ያስቀመጠ ነው። ወደፊት ብዙ ኩባንያዎችን በአንድ ድርሻ ያቀፈ ፈንድ በአዲስ አበባ ገበያ በስፋት ሲሸጥ የአቃቂው መምህር ዛሬ በራሱ የሚያደርገውን ማሰራጨት ፈንዱ ያደርግለታል። እስከዚያው ግን ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ሦስት ተግባራት አሉ። በሰው ኃይል አስተዳደር ቀርቦ የአገልግሎት ዘመኑን ማስላት፣ በቁጠባና ብድር ማኅበሩ በየወሩ የሚቆረጠውን መጠን ማስወሰን፣ የሦስት ወር መጠባበቂያውን የሚያሟላበትን ጊዜ መቁረጥ ናቸው። በ25 ዓመቱ የተጀመረ 500 ብር በ50 ዓመት ዕድሜ በችኮላ ከሚፈለግ ብዙ ሺህ ብር የተሻለ ሥራ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ቆጣቢው ሊተካው የማይችለው ሀብት ያለፈው ጊዜ ነውና።